በቅርብ አንድ፣ በሩቅ ሁለት

እናቴ አንድ ዓይኗን መጨፈን የጀመረችበትን ቀን አላውቀውም። አብሬያት እየኖርኩ፣ በአንድ ሳህን እየበላን፣ በአንድ ክፍል እየተኛን አላውቀውም። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ልብስ ሰፊ ደግሞ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሥራው ነው። ክር በመርፌ ሲያስገባ ይጨፍናል። የስፌቱ መስመር ቀጥ ማለቱን ሊያይ ጨርቁን ወደ ብርሃን ሲዘረጋ ይጨፍናል። ደንበኛው ፊቱ ቆሞ ትከሻው እኩል መሆኑን ሲያይ ይጨፍናል። እማዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ዳር፣ አንድ አሮጌ ቪላ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ዘርግታ ሃያ ዓመት ስትሠራ፣ ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ስትገልጥ ነው ያደግሁት። ሕፃን ሆኜ የምትጠቅሰኝ ይመስለኝና እኔም መልሼ እጠቅሳት ነበር። ታዲያ ያ ዓይን መርፌ ከእጇ ካስቀመጠችም በኋላ፣ ከጎረቤት ስታወራም፣ መንገድ ስታይም ተጨፍኖ መቅረት ሲጀምር ማን ይጠይቅ? የልብስ ሰፊ ዓይን ነው።

ከእኔ ቀድመው ያዩት ደንበኞቿ ናቸው፤ እነሱም በስህተት ነው ያዩት። እማዬ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ ሰውን በዓይኗ ጥግ ማየት ጀምራ ነበር። እንዲህ ሲያዩት ደስ የሚለው ሰው የለም። ከደንበኞቿ አንዷ፣ አሸዋ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ግዙፍ ሶማሌ ሴትዮ፣ አንድ ቀን በረንዳው ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምን አድርጌሽ ነው የምትገላምጪኝ?»

«ማን? እኔ?»

«ዋላሂ፣ ከመጣሁ ጀምሮ! ባሌ እንኳ እንደዚህ አይቶኝ አያውቅም።»

«ባልሽማ የሚያይበት ዓይን መቼ አለው? ቢኖረው ያገባሽ ነበር?»

ሴትዮዋ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ልኳን አስለካች። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ድሬ ላይ ሰው ካልተሰዳደበ ተኳርፏል ማለት ነው። ነገሩ እዚያው አለቀ። እናቴ ግን እውነትም ፊቷን አዙራ ነበር የምታያት።

እኔ በዚያ ሰሞን ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ልሄድ ነበር። እማዬ «ቀዥቃዣ» ነበር የምትለኝ፤ አልዋሸችም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናውን ስወድቅ በመልካ ጀብዱ በኩል ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች አንዱ ገባሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሸሚዝ አንገትጌ ብቻ ሰፋሁ፤ እጅጌው የት እንደሚሰፋ እንኳ ሳላይ ተውኩት። ቀጥዬ ሞባይል ቤት ገባሁ፤ እሱንም ተውኩት። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ የስፌት መኪና ላይ መቀመጥ አልችልም፤ ጉልበቴን ያሳክከኛል። ከዚያ ጅቡቲ መጣ። የጎረቤታችን ዘመድ ልጆች የምትጠብቅላት ሴት ትፈልጋለች ተባለ። ጥር ላይ ተደብቄ ፓስፖርት አወጣሁና ፍራሽ ሥር ሸሸግሁት። ለእማዬ የነገርኳት ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ራሴን አሞኛል» ብላ ጋደም አለች።

በማግሥቱም ራሷን አመማት። ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስባት፤ ከአልጋ ስትነሳ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ አንዳንዴ ያስመልሳታል፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ይለቃትና በረንዳው ላይ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ጅቡቲ ባልኩ ቁጥር ነው የሚያማት ብዬ ደመደምኩ። እናቶች ያውቁበታል፤ ልጅ ሊሄድ ሲል ልብ ድካም የሚይዛቸው አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ባልዲ ይዛ እየተንገላታች ሳለች፣ በሩ ላይ ቆሜ እንዲህ አልኳት፦

«አንቺን እኮ የሚያምሽ እኔ ልሄድ ስል ብቻ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷን ወደ ግራ አዙራ፣ በዓይኗ ጥግ። ገላመጠችኝ ብዬ ይባስ ተናደድኩ።

ሰኔ ላይ ነው፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀለጠበት ሳምንት። ቁልፍና ዚፕ ልንገዛ አብረን ወጣን። ትልቁን መንገድ ልንሻገር ስንል እማዬ እጄን ያዘችና ቆመች። አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ከሩቅ እየመጣች ነበር። መንገዱ ላይ ሌላ ምንም አልነበረም።

«የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ከሁለቱ የትኛዋ ናት እውነተኛዋ?»

ሳልመልስላት አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች። የሌለችውን ባጃጅ አሳልፋ እውነተኛዋ ፊት ልትገባ ነው። ቀሚሷን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ባጃጇ ጎማዋ እያለቀሰ ቆመችና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«እማማ! መሞት ከፈለግሽ ሚኒባስ ምረጪ እንጂ እኔን በባጃጅ ምን ታስጠይቂኛለሽ?»

እማዬ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ግንብ ጥግ ወስጄ አስቀመጥኳትና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ቆይቷል።»

«ቆይቷል ማለት?»

«አቦ አትጩኺብኝ። ሲርቅ ነው ሁለት የሚሆነው። ሲቀርብ አንድ ነው። መርፌዬ አንድ ነው፣ ጨርቄ አንድ ነው። ምን ቸገረኝ?»

ቤት እንደገባን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። ቀይ የክር ጥቅል አነሳሁና «ራስሽን ሳታንቀሳቅሺ በዓይንሽ ብቻ ተከተይው» አልኳት። ጥቅሉን ወደ ቀኟ ወሰድኩት። ሁለቱም ዓይኖቿ ሄዱ። ወደ ግራዋ መለስኩት። ቀኝ ዓይኗ አፍንጫዋ ድረስ ተከተለኝ። ግራው ግን መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰንሰለቱ እንደተሸጎጠ በር፣ ትንሽ ገርበብ ብሎ ቀረ። ነጩ የዓይኗ ክፍል ወደ ጆሮዋ በኩል ተከፍቶ ቀረ እንጂ ጥቁሩ ወደዚያ አልሄደም። ሦስቴ ደገምኩት። ሦስቴም እዚያው ቆመ።

«ሄደልሽ?» አለችኝ።

«አልሄደም፣ እማዬ።»

ያኔ ነው ፊቷን አዙራ የምታይበት ምክንያት የገባኝ። ወደ ግራ የማይሄደውን ዓይን ላለማስቸገር ራሷ ትዞርለት ነበር። እንደዚያ ስትሆን ሁለቱ አንድ ይሆኑላታል። ሴትዮዋንም እኔንም አንድ አድርጋ ለማየት ነው የገላመጠችን።

ግቢያችን ውስጥ ትልቋ ሴት ኦሮሞ ናቸው፤ ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው። ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ ፊት ለፊት ስናወራቸው አንቺ ነው የምንላቸው፣ አሁን በወረቀት ሲሆን ግን እጄ እምቢ አለኝ። አዴ መጡ፣ የእማዬን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩና አንድ ጊዜ አይተው ፈረዱ።

«ምች ነው። ፀጉሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።»

«አዴ፣ ዓይኗ እኮ ነው የዞረው።»

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ምች አፍ ያጣምም የለ? ዓይን ማጣመም ያቅተዋል? ይልቅ ዳማከሴ አምጪ።»

ፀጉሯን ታጥባ ነበር፤ ፀሐይ ላይም ተቀምጣ ነበር። ድሬ ላይ ግን ፀጉሩን ታጥቦ ፀሐይ የማያገኘው ማን አለ? ዳማከሴ ገዛሁ። አዴ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው፣ ጭማቂውን በአፍንጫዋ ጨመቁት፣ ግንባሯንና የዓይኗን ዙሪያ ቀቡት። እሳቸው በቢስሚላህ ሲጀምሩ እማዬ በስመ አብ ብላ ታማትብ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። ከዚያ ሰባት ጠዋት ጸበል ሄደች። ከዚያ አንድ መድኃኒት ቤት ጠብታ ሰጠን። ከዚያ አዴ «ቅጠሉ ደርቆ ነበር፣ አዲስ ይምጣ» አሉ። ሦስት ሳምንት ሄደ።

አዴን አልወቅስም። የማውቀውን ልናገር። እኔ አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩ ነኝ፤ ባዮሎጂ ተምሬአለሁ፤ የዓይንን ሥዕል ደብተሬ ላይ ሥዬ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ያ ዓይን ምች እንዳልሆነ በልቤ አውቄ ነበር። ግን ምች ሲባል ደስ አለኝ። ምች ያልፋል። ምች የያዛትን እናት ትተሽ ብትሄጂ ማንም አያማሽም። ጅቡቲ ይጠብቁኝ የነበረው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ልብሴን በቦርሳ ከትቼ ነበር። ዳማከሴውን እየተሯሯጥኩ የገዛሁት ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ወደቀች። ሆስፒታል ወሰድኳት።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከላይ አገር የመጣ፣ በላብ የራሰ። እማዬ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «አንተ ልጅ፣ ይህ ሙቀት ሊገድልህ ነው፤ ካናቴራህን አውልቀህ ጋዋኑን ብቻ ልበስ» አለችው። ሳቀ። እኔ በክር ጥቅል ያደረግሁትን እሱ በእስክሪብቶ አደረገው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ዓይኗ እዚያው ቆመ። ቀጥሎ መብራት አጥፍቶ በትንሽ መሣሪያ የዓይኗን ጀርባ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በኋላ ቀልዷን አልመለሰላትም።

እሷን ውጪ አስቀምጬ ተመለስኩና «ንገረኝ» አልኩት።

ወረቀት አወጣና ሣለልኝ። ከአንጎል አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ አለኝ። ስድስተኛው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል መሳብ። ሌላ ምንም አይሠራም። ቀጭን ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ከአንጎል ሥር ተነስቶ አጥንት ላይ ታጥፎ ነው ዓይን የሚደርሰው። ስለዚህ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር፣ ግፊቱ የትም ይሁን የት፣ ብዙ ጊዜ እሱ ይጨፈለቃል። በስኳር የሚደክምበት ሰው አለ፣ በአደጋ አለ፣ በኢንፌክሽን አለ፤ በራሱ ጊዜ የሚመለስለትም ብዙ ነው።

«የእሷስ?»

«የእሷ የዓይኗ ጀርባ አብጧል። ራስ ምታቱም ጠዋት ነው። ግፊት አለ። ከምን እንደመጣ ሲቲ ስካን ይነግረናል።»

«ትሞታለች?»

እንዲህ በቀጥታ የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ። እስክሪብቶውን ዘጋው፣ ከፈተው። «ፎቶውን እንይ» አለኝ።

ፎቶው ላይ ከኋላ በኩል፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ፣ የእንቁላል ያህል ነጭ ነገር ነበር። የጭንቅላቷን ውኃ መንገድ ዘግቶታል አሉ። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋ አለው፣ ስልክ ይደወልላችኋል ተባልን። ለጊዜው የሚዋጥ ሰጧት።

ጅቡቲ ደውዬ አልመጣም አልኳቸው። ጥሩ ልጅ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ፣ አንባቢዬ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግቢ ወጥቼ ባልዲውን በእርግጫ መታሁት፤ ሲንኳኳ እስከ በሩ ሄደ። አዴ ከመስኮት ሆነው አዩኝ። ቦርሳውን አልፈታሁትም። እንደታሰረ አልጋ ሥር ገፋሁት።

ሐኪሙ ሁለት ማየቱ ሲያስቸግራት አንዱን ዓይን እንድትሸፍን ነግሯት ነበር። እማዬ ደግሞ የፋሻ ነጭ ነገር ፊቷ ላይ አይታሰብም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ራሷ ሰፋች። ለአረንጓዴ ቀሚሷ አረንጓዴ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ከጥልፍ ጋር፣ ለበረንዳ አበባ አበባ ያለው። ጠርዙን በቅምቅማት፣ ማሰሪያውን በላስቲክ። የሠፈር ሴቶች እየመጡ ያዩላት ነበር። አዴ አንዱን አንስተው ዓይናቸው ላይ ለክተው «ለእኔም ስፊልኝ፤ አንድ ዓይኔን ከሸፈንኩ የልጄን ሚስት በግማሽ ነው የማያት» አሉ።

እኔ ውጪ ሆኜ ወደ ቤት ስገባ እማዬ ሽፋኑን ገፋ አድርጋ ታየኝ ነበር። ከበሩ ላይ «ስንት ነኝ?» እላታለሁ። «ሁለት» ትላለች። አንድ እርምጃ እጠጋለሁ። «አሁንስ?» «ሁለት፤ ተጠጋግታችኋል።» እጠጋለሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ስደርስ፣ ጉልበቴ ጉልበቷን ሲነካ፣ «አሁን አንድ ሆንሽ» ትለኛለች። እውነት ነው፤ ሐኪሙም ነግሮኛል። ቅርብ ያለውን ለማየት ዓይኖች ወደ አፍንጫ ነው የሚሰበሰቡት፣ ያ የታመመ ነርቭ እዚያ ብዙ ሥራ የለውም። የሩቁን ለማየት ግን ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያች ሴት ለመራቅ ስቁነጠነጥ ኖሬ፣ በዚያ ክረምት ከክንድ በላይ አልራቅኋትም።

ነሐሴ የዩኒፎርም ወር ነው። ደንበኞቿን አልመልስም አለች። መስፋቱን በቅርብ ስለሆነ ትችለዋለች፤ ክሩን እኔ አስገባላታለሁ። መቁረጥ ግን አስቸገራት። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ከላይ ቆመሽ ነው የሚቆረጠው፤ ከዚያ ርቀት የጠመኔው መስመር ሁለት ይሆናል። ሽፋኑን አድርጋ ትቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ላስቲኩ በሙቀቱ አላበኝ ብላ አወለቀችው፤ «ምን አለ፣ ሃያ ዓመት የቆረጥኩት ነው» አለች። እኔ ዚፕ እየፈታሁ ነበር። የመቀሱ ድምፅ መሐል ላይ ሲቆም ቀና አልኩ።

የዚያች የሶማሌ ሴትዮ ድሪያ ነበር፣ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊ ቀሚስ፤ እህቷ ከባሕር ማዶ የላከችላት፣ እንደ ውኃ የሚፈስ ሐምራዊ ጨርቅ። አንገቱን ከመሐል አራት ጣት ያህል አሳስታ ቆርጣዋለች። በሌለው መስመር ላይ።

እማዬ መቀሱን አስቀመጠች። ሃያ ዓመት የሰው ጨርቅ አበላሽታ አታውቅም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጨርቁን አጣጠፈችው፣ ደግማ አጣጠፈችው፣ እጇ ላይ ትንሽ እስኪሆን አጣጠፈችው።

ሴትዮዋ ስትመጣ እኔ ነኝ በረንዳው ላይ የጠበቅኋት። ጨርቁን ዘርግቼ አሳየኋትና ሳልቀባባ ነገርኳት። ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ አለ፣ ዓይኗን ወደ ውጪ የሚስበው ነርቭ ተጨፍልቋል፣ ሁለት ሁለት ነው የምታየው፣ ያኔም አልገላመጠችሽም። ሴትዮዋ ጨርቁን ከእጄ ሳትወስድ አልፋኝ ገባች። እማዬ አልጋው ላይ ግድግዳ እያየች ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለቻት።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችና ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። የእማዬን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፣ ወደ ራሷ አዞረች።

«አሁን ስንት ነኝ?»

«አንድ።»

«አልሃምዱሊላህ። ሁለት ብሆን ይህ ቤት አይችለኝም።»

እማዬ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተሰነጠቀና ሴትዮዋ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ለእጢው አይደለም ያለቀሰችው፤ ለጨርቁ ነው። ሴትዮዋ ከራሷ በላይ አየችኝና «አባዮ፣ እህቴ፣ ሂጂ ውኃ አምጪ» አለችኝ። ውኃ ቤት ውስጥ ነበረ። ግቢ ወጥቼ ቆምኩ።

መስከረም ላይ ተደወለ። በባቡር ሄድን። የእማዬ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የአሮጌው ባቡር ፊሽካ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር ትለኝ ነበር። አዲሱን ባቡር አልወደደችውም። «ይሄማ ፍሪጅ ነው» አለች። በመስኮቱ በኩል፣ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ስታይ ቆየች። «አቤት ብዛታቸው» አለችኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያስፈረሙኝን ሐኪም አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። እማዬ ነግራኛለች፣ አዲስ አበባ ላይ አንተ አይባልም፣ አንቱ በይ ብላኛለች።

«ያኔ ሦስት ሳምንት ቀድሜ ሐኪም ጋ ባደርሳት ኖሮ ለውጥ ነበረው?»

«አላውቅም» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚታወቀው። ግን አላውቅም።»

ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ግን ስላልዋሹኝ አመሰግናቸዋለሁ።

ከእጢው የቻሉትን አወጡ፤ ለውኃውም መንገድ ሠሩለት። በሦስተኛው ቀን ነቃች። ራስ ምታቱ የለም አለች፤ ጠዋት ተነስቶ አለመታመም ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር አለች። ቀዩን የክር ጥቅል በኪሴ ይዤ ሄጄ ነበር። በየቀኑ፣ ነርሷ ዞር ስትል፣ አወጣዋለሁ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። በሰባተኛው ቀን ግራ ዓይኗ መሐሉን ትንሽ አለፈ። በምኞቴ ያየሁት መስሎኝ ደገምኩት። አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ጥቁሩ ወደ ጆሮዋ ሊደርስ የጥፍር ያህል ቀረው።

በአሥረኛው ቀን ምሳዋን ይዤ ስገባ፣ ክፍሉ ረጅም ነው፣ የእሷ አልጋ መጨረሻው ላይ ነው፣ ከበሩ ላይ ቆምኩ። ትራስ ተደግፋ ወደ በሩ ታያለች። ፊቷ አልዞረም። ቀጥ ብላ።

«ስንት ነኝ?» አልኳት፤ በሽተኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አንድ ነሽ» አለች ጮክ ብላ። «ደግሞ ከስተሻል።»

በዚያው ምሽት ትኩሳት ያዛት። ቁስሉ ኢንፌክሽን ፈጥሮ ወደ ውስጥ ገባ አሉኝ፤ የሚሰጠውን ሁሉ ሰጧት፤ እንዲህ ያጋጥማል አሉኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ሞተች። ዓይኖቿን የጨፈንኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱንም።

ድሬ አመጣናት፤ ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ አዴ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ምች አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። የሶማሌዋ ሴትዮ ያንን ሐምራዊ ድሪያ ለብሳ መጣች፤ የተሳሳተውን አንገት በሌላ ሰፊ በላስቲክ አሰብስባ አሰርታዋለች።

ወደ ፋብሪካው ተመልሻለሁ፤ አሁንም አንገትጌ ነው። ጅቡቲም ሌላም ቦታ ልሂድ አልሂድ አላውቅም፤ ጉልበቴ አሁንም ያሳክከኛል። ባለፈው ወር ግን ያ አልጋ ሥር የገፋሁት ቦርሳ ትዝ አለኝና ጎትቼ አወጣሁት። ልብሶቼን አንድ በአንድ ሳወጣ፣ ከሥር፣ እኔ ያልከተትኩት አንድ ቀሚስ አገኘሁ። ስስ፣ ለሙቀት የሚሆን፣ ሰማያዊ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት። ጨርቁን አወቅሁት። የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ እማዬ ለሚዜዎቿ የሰፋችው ነው፤ የተረፈው ቁራጭ ነው። ለቀሚስ የሚበቃ ትርፍ እማዬ አታሳድርም፤ በሳምንቱ ሰፍታ ትጨርሰዋለች። ሠርጉ ደግሞ ከሁዳዴ ጾም በፊት ነበር፤ በጾም ማን ያገባል?

ገለበጥኩት። ከውስጥ፣ በግራ ጎን፣ ድብቅ ኪስ አለው። እናቶች መንገደኛ ልጃቸውን ሲሸኙ የሚሰፉት ዓይነት። ፓስፖርቴን አመጣሁና ከተትኩት። ልክክ አለ። ለክታዋለች። ከፍራሽ ሥር አውጥታ፣ በሜትሯ ለክታ፣ መልሳ አስቀምጣዋለች፤ እኔ ገና ሳልነግራት።

ኪሱን በጣቴ ስዳስስ ደግሞ ቀዳዳዎቹን አገኘሁ። ከስፌቱ ጎን አንድ ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ፤ ከእሱ ጎን ሌላ ረድፍ፤ ከእሱም ጎን ሌላ። ሦስቴ ሰፍታ ሦስቴ ተርትራዋለች። እናቴ ስፌት አትተረትርም ነበር። ሰፍታ፣ እንደ ልማዷ ቀሚሱን ሰቅላ፣ ራቅ ብላ አይታዋለች፤ ተንጋዶ ታይቷታል፤ ፈትታዋለች። እንደገና። ለእኔ ሳትነግረኝ፣ ማንም ሳያያት፣ ያኔ ከጾሙ በፊት።

ዓይኗን መጨፈን የጀመረችበትን ቀን አሁን አውቀዋለሁ፤ በግምት።

ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት። ግራ ዓይኔን ጨፈንኩና የኪሱን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። ቀጥ ያለ ነው።